ለሞተር ብስክሌት የኋላ ጎማ ስፋት ብቻውን አይበቃም

ሰፊ ጎማ ጭቃን ያሸንፋል የሚለው አስተሳሰብ በብዙዎች ዘንድ ሥር የሰደደ ነው። በንፋስ ስልክ ላፍቶ ከለቡ ወደ ፉሪ ባለው መረሬ መሬት ግን ክረምት ሲገባ ነገሩ ይገለበጣል። ከልክ በላይ የሰፋ የኋላ ጎማ ጭቃውን ፓራፋንጎው ሥር እየጠቀጠቀ ሞተሩን ቀጥ አድርጎ ያቆመዋል።

በጎማው ጎን 3.00-18 ተብሎ ቢጻፍ የፊተኛው ቁጥር የጎማውን ስፋት፣ የኋለኛው የቸርኬውን ዲያሜትር በኢንች ያመለክታል። 3 ኢንች 76 ሚሊሜትር ያህል ነው። ለዚህ በተሠራ ጠባብ ቸርኬ ላይ 4.10 ጎማ በግድ ሲገባ ተጨምቆ መሐሉ ያብጣል፤ መሬት የሚነካው ክፍል ከታሰበው ያነሰ ይሆናል፤ ጎኑም ከካቴናው ጋር ሊፋተግ ይችላል። ለተጨማሪው ስፋት የወጣው ገንዘብ በከንቱ ቀረ ማለት ነው።

ለመረሬ የሚበጀው ጥርሱ ጠለቅ ያለና የተራራቀ ጎማ ነው፤ በአስፋልት ላይ ቶሎ ማለቁ ግን አይካድም። ማዳበሪያና ሰው አብሮ ለሚጫንበት ሞተር ደግሞ ከስፋቱ ይልቅ የመሸከም አቅሙ መታየት አለበት። ከቸርኬው ዲያሜትር ቁጥር ቀጥሎ 47 የሚል ካለ 175 ኪሎ፣ 52 ከሆነ 200 ኪሎ ይሸከማል።

እንግዲህ የገበሬ ማኅበራት መሪዎች በአባላት መዋጮ ጎማ ሲገዙ «ሰፊው ይሻላል» የሚለውን የነጋዴ ቃል ብቻ ይዘው መመለስ የለባቸውም። አሮጌው ጎማ ቀድሞውኑ ያለ ልኩ የተገጠመ ሊሆን ስለሚችል፣ በሞተሩ መመሪያ መጽሐፍ ላይ ያለውን ቁጥር በወረቀት ጽፈው ይሂዱ።