መሪው ባዶ ሲዞር

በቡሬና በፍኖተ ሰላም አስፋልት ላይ ደህና የምትመስል አሮጌ መኪና ወደ ደጋ ዳሞት አቀበት ስትወጣ ጠባይዋን ትገልጣለች። ልጆችን ከኋላ አስቀምጠው ወደ ፈረስ ቤት ሲጓዙ የመሪን መላላት በገደል መታጠፊያ ላይ ማወቅ የዘገየ ነውና ከጉዞው አስቀድመው በደጅዎ ይመርምሩ። ሥራው የወንድ ብቻ አይደለም፤ ሁለት ሰው ይበቃል።

ጎማዎቹ ቀጥ ብለው መኪናዋ ትቁም፤ የእጅ ፍሬን ይያዝ። መሪው በሞተር ኃይል የሚታገዝ ከሆነ ሞተሩ ይነሣ። አንዱ መሪውን በቀስታ ግራና ቀኝ ሲያወዛውዝ እርስዎ በውጭ ሆነው የፊት ጎማውን ይመልከቱ። ጎማው ሳይነቃነቅ መሪው ከ3 ሴንቲ ሜትር ያህል በላይ ከዞረ አንድ ነገር ተበልቷል ማለት ነው።

የቱ እንደሆነ ለመለየት ሞተሩ ይጥፋ፤ የኋላ ጎማዎች በድንጋይ ታግደው የፊቱ በክሪክ ይነሣ፤ ከሥሩም ጠንካራ ድጋፍ ይግባ። ጎማውን ግራና ቀኙን ይዘው ሲነቀንቁት ብቻ የሚንቀጫቀጭ ከሆነ መሪውን ከጎማ የሚያገናኙትን ዘንጎች ጫፍ ይጠርጥሩ። ላይና ታቹን ይዘው ሲነቀንቁት ካንቀጫቀጨና ፍሬን ሲረገጥ ከተወ፣ ጥፋቱ የኩሽኔታው ነው፤ ፍሬን ተረግጦም ካልተወ የእግሩ መጋጠሚያ ነው።

አንዳንድ መካኒክ ግን ይህን ሁሉ ሳያይ፣ እንደ አሮጌ ላንድክሩዘር ባሉት ላይ የመሪ ሳጥኑን ማስተካከያ አጥብቆ ይሸኛል። እሺ አይበሉ! በሳጥኑ ውስጥ ይበልጥ የሚበላው ቀጥታ መንገድ የሚነዳበት መካከሉ ስለሆነ፣ ከልክ በላይ ሲጠብቅ መሪው በመታጠፊያ ላይ ይይዛል፤ ወደ ቦታውም በራሱ አይመለስም። የተበላው ዘንግ ጫፍ ሲለወጥ ደግሞ የጎማው አላይመንት እንዲስተካከል ይጠይቁ፤ ያለዚያ ጎማው በጥቂት ጊዜ ባንድ ወገን ያልቃል።