ዝንጀሮ ጠባቂው ልጅ ወደ ክፍሉ፣ ነብሩም ወደ ጫካው ይመለስ

መስከረም ሲጠባ በወለጋ ገጠር ሁለት ነገሮች አብረው ይደርሳሉ፤ አንዱ አዲሱ የትምህርት ዘመን ነው፣ ሌላው የበቆሎ እሸት። ከነቀምቴ ብዙም በማይርቀው የኮምቶ ደን ዳርቻ፣ ከዚያም አልፎ በጊምቢ፣ በነጆ፣ በሻምቡና በደምቢ ዶሎ ዙሪያ ደን የሚያዋስነው ማሳ ሁሉ ጠባቂ ይፈልጋል። ሌሊት ከርከሮና ጃርት ስለሚመጡ አባት እሳት አንድዶ ያድራል። ቀኑ ግን የዝንጀሮና የጦጣ ነው፤ ቀኑን የሚጠብቀውም አብዛኛውን ጊዜ ልጅ ነው። ወንጭፉን ይዞ ማማ ላይ ይወጣል፤ እስኪመሽ ድረስ ሲጮኽ ይውላል። በቆሎው ደርቆና ተሰብስቦ ጎተራ እስኪገባ ኅዳር ይጋመሳል፤ የመጀመሪያው መንፈቅ ዓመት ትምህርትም አብሮ ይጋመሳል። ያን ጊዜ ወደ ክፍል ቢመለስ እንኳ ያመለጠውን የጓደኛ ደብተር ገልብጦ የሚሞላው አይደለም። ሳይመለስ የሚቀርም አለ።

ይህን ነገር የትምህርት ጽሕፈት ቤቱ ትምህርት ማቋረጥ ብሎ ይመዘግበዋል። ግብርናው የሰብል ጉዳት ይለዋል፤ የዱር እንስሳት ባለሙያው ደግሞ የሰውና የዱር እንስሳት ግጭት። የጋዜጣችን አቋም ነገሩ አንድ ነው የሚል ነው። የወለጋን ደንና አውሬ መጠበቅ፣ የእንስሳትን አእምሮ በሳይንስ መመርመርና ልጁን ከማማው አውርዶ ክፍል ማስገባት አንድ ላይ ካልተያዙ አንዳቸውም አይሳኩም።

ዝንጀሮን አስቸጋሪ ያደረገው ከጉልበቱ ይልቅ ማሰቡ ነው። ማሳ ሲጠብቅ ያደገ ሰው ይህን ማንም ሳያስተምረው ያውቃል። መንጋው ጫካው ዳር ቆም ብሎ ማማውን ይመለከታል። የተቀመጠው ልጅ ወይም ሴት ከሆነ ይደፍራል፤ መሣሪያ የያዘ ወንድ ካየ ይሸሻል፤ ጠባቂው ምሳ ሊበላ ዞር የሚልበትን ሰዓት ለይቶ ይጠብቃል። ገበሬው ይህን ሲናገር የሰማ የከተማ ሰው እንደ ተረት ሲያልፈው ኖሯል። የተረት ነገር ግን አይደለም፤ እንስሳት ሰውን ከሰው እንደሚለዩ በሙከራ ታይቷል። እ.ኤ.አ. በ2014 ባሳተሙት ጥናት ተመራማሪዋ ካረን ማኮምብና ባልደረቦቿ በኬንያው አምቦሴሊ ፓርክ ለዝሆኖች የሰው ድምፅ ቀድተው አሰሟቸው። ዝሆን የሚወጋው የማሳይ ወንድ ድምፅ ሲሰማ ዝሆኖቹ ተሰባስበው አፈገፈጉ፤ የካምባ ወንድ ወይም የማሳይ ሴትና ልጅ ሲናገር ግን ያን ያህል አልደነገጡም። ብሔርን፣ ፆታንና ዕድሜን ከድምፅ ብቻ ለይተዋል ማለት ነው።

ስለ ራሱ ስለ ዝንጀሮም ብዙ ታውቋል። በኬንያ ምፓላ የምርምር ማዕከል አንድ መንጋ ውስጥ ያሉ 25 ያህል ዝንጀሮዎች አንገት ላይ በየሴኮንዱ ያሉበትን ቦታ የሚመዘግብ መሣሪያ ታሰረ። እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመው ውጤት ብዙዎችን አስገረመ። መንጋው ወዴት እንደሚሄድ የሚወስነው ትልቁ ወንድ አይደለም። የተለያየ አቅጣጫ የያዙት ሁለት ወገኖች እምብዛም ካልተራራቁ መንጋው በመካከላቸው ያልፋል፤ በጣም ከተራራቁ ብዙዎቹ ያሉበትን ይከተላል። የጦጣ ጩኸትም እንዲሁ ዝም ብሎ ጩኸት አይደለም። የእኛዋ ጦጣ የቅርብ ዘመድ የሆነችው የአምቦሴሊ ጦጣ ለነብር አንድ ዓይነት፣ ለንስር ሌላ ዓይነት፣ ለእባብም የራሱ የሆነ ጩኸት እንዳላት ተመራማሪዎቹ ሮበርት ሴይፋርትና ዶሮቲ ቼኒ ከፒተር ማርለር ጋር እ.ኤ.አ. በ1980 አሳይተዋል። የነብሩን ስትሰማ ዛፍ ላይ ትወጣለች፤ የንስሩን ስትሰማ ቀና ብላ ወደ ሰማይ ታያለች።

አንድ ጥናት ግን ከሁሉም በላይ ያሳስበናል። እ.ኤ.አ. በ2012 በታተመው በዚህ ጥናት በደቡብ ፈረንሳይ ማርሴይ አካባቢ ተመራማሪዎች ለስድስት ዝንጀሮዎች በኮምፒውተር መስኮት ላይ አራት አራት ፊደል እያሳዩ እውነተኛውን የእንግሊዝኛ ቃል ከዘፈቀደ ድርድር እንዲለዩ አለማመዷቸው። ዝንጀሮዎቹ በአንድ ወር ተኩል ውስጥ ከአራቱ ሦስቱን ያህል በትክክል መለየት ቻሉ፤ ከመካከላቸው ጎበዙ ከ300 በላይ ቃላት ለየ። አንድ አገር ለዝንጀሮ ኮምፒውተርና አስተማሪ ባዘጋጀበት ዘመን የእኛ ልጅ ዝንጀሮ ስለሚጠብቅ ፊደል ሳይቆጥር መዋሉን ምንም ዓይነት ድህነት ሊያስረዳልን አይችልም። ልጁ የዝንጀሮን ጠባይ ከማንም ዶክተር በላይ ያውቃል። የሚያውቀውን በጽሑፍ የሚያሰፍርበት ዕድል ነው የተነፈገው።

ዝንጀሮ እንዲህ የበዛው ለምንድነው? ከጋና የመጣ ማስረጃ አለ። በዚያ አገር የጥብቅ ሥፍራ ጠባቂዎች እ.ኤ.አ. ከ1968 እስከ 2004 ያዩትን አውሬ ሁሉ እየቆጠሩ መዝግበዋል። ተመራማሪው ጀስቲን ብራሸርስና ባልደረቦቹ መዝገቡን ሲመረምሩ አንበሳና ነብር በጠፉበት ሁሉ ዝንጀሮ መብዛቱን፣ ከጥብቅ ሥፍራውም አልፎ ማሳ መውረሩን አገኙ። ቤተሰቦችም ልጆቻቸውን ከትምህርት ቤት እያስቀሩ ለጥበቃ አሰማሩ። ታሪኩ የጋና ነው፤ ወለጋን የሚያውቅ ሰው ግን እንደ ራሱ ቀዬ ታሪክ ያነበዋል። ነብር ፍየል በላ ተብሎ በመርዝና በወጥመድ ሲገደል፣ ደኑም ለከሰል፣ ለማገዶና ለአዲስ ማሳ እየተመነጠረ ሲያልቅ ዝንጀሮን የሚያስፈራው አንድ ወንጭፍ ብቻ ይቀራል። ስለዚህ ነብርን መጠበቅ የቱሪስት ጉዳይ ብቻ አድርገን አንየው። ኦሮሞ ሰፉ በሚለው ሕግ ያለ ምክንያት ሕይወት ያለውን ማጥፋት ነውር ነው፤ አሁን ደግሞ ነውር ብቻ ሳይሆን ኪሳራም መሆኑ በቁጥር ታይቷል።

ወለጋ በእንስሳት አእምሮ የሚጎዳ ብቻ አይደለም፤ በእሱ የሚኖርም ነው። ንብ አናቢው ቀፎውን ረጅም ዛፍ ላይ ሰቅሎ የሚጠብቀው የጎበዝ ሠራተኛን ሥራ ነው። ኑግ በራሱ ዱቄተ አበባ ፍሬ ለመያዝ ስለሚቸገር ያለ ንብ አዝመራው ይመነምናል፤ የኑግ አገር ለሆነችው ወለጋ ንብ የማሩ ብቻ ሳይሆን የዘይቱም ባለቤት ናት። እሷ ደግሞ አበባ ያለበትን አቅጣጫና ርቀት በጭፈራ ለጓደኞቿ ትናገራለች፤ ይህን ያረጋገጠው ካርል ፎን ፍሪሽ እ.ኤ.አ. በ1973 የኖቤል ሽልማት አግኝቶበታል። በአበባ ወቅት በጠራራ ፀሐይ ማሳ ላይ የሚረጨው ፀረ ተባይ ይህችን ፍጥረት በጅምላ ይፈጃል። መድኃኒት ሻጩም፣ የግብርና ባለሙያውም ርጭቱ ንብ በማትወጣበት ሰዓት እንዲሆን ማስገደድ ይችላሉ፤ ይህ በጀት እንኳ አይጠይቅም።

ሰውን ወደ ማር የሚመራውን ወፍ የሚያውቁ ማር ቆራጮችም ብዙ ናቸው። ወፉ እየጮኸ ከዛፍ ዛፍ ይቀድማል፤ ሰውዬው ይከተላል፤ ማሩን ሲቆርጥ ሰሙ ለወፉ ይቀራል። ኬንያዊው ተመራማሪ ሁሴን ኢሳቅ ከሃንስ ኡልሪሽ ራየር ጋር ሰሜን ኬንያ ውስጥ የቦረና ማር ቆራጮችን ለሦስት ዓመት ተከትሎ ያጠናው ይህን ነው። ወፉ ሳይኖር አንድ የንብ መንጋ ለማግኘት በአማካይ 9 ሰዓት ገደማ ይፈጃል፤ ወፉ ሲመራ ከ3 ሰዓት ጥቂት ይበልጣል። እ.ኤ.አ. በ1989 ታላቅ በሆነው ሳይንስ መጽሔት የወጣው ይህ ጥናት መነሻው ከማር ቆራጮች የተሰማ ቃል ነበር። ተመራማሪው ማር ቆራጮቹ የሚሉትን አምኖ ለካው፤ እውነት ሆነ። የወለጋ ሽማግሌዎች፣ ማር ቆራጮችና ዝንጀሮ ጠባቂዎች የሚሉትን የሚለካ ሰው ነው የጎደለን።

መለኪያው ቤት እኮ ደጃችን ላይ ነው። ወለጋ ዩኒቨርሲቲ በ1999 ዓ.ም. ነቀምቴ ላይ ሥራ ጀምሯል፤ በጊምቢና በሻምቡም ካምፓስ አለው። ደምቢ ዶሎም የራሷ ዩኒቨርሲቲ ተሠርቶላታል። በዚያው በ1999 ዓ.ም. የዱር እንስሳት ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 541 ወጣ። በቄለም ወለጋ ጎሽና ጉማሬ የሚኖሩበት የዳቲ ወለል ብሔራዊ ፓርክ አለ፤ በደዴሳ ሸለቆም የዱር እንስሳት መጠለያ። ሕጉም፣ ቦታውም፣ መምህሩም አለ ማለት ነው። የጎደለው ዓመት ከዓመት ሳይቋረጥ አንድን መንጋ የሚከተል፣ ለመመረቂያ ጽሑፍ ሦስት ወር ብቻ ወጥቶ የማይመለስ ምርምር ነው። የእንስሳት አእምሮ በአንድ ክረምት አይታወቅም። የአምቦሴሊ ዝንጀሮዎች ከ50 ዓመት በላይ ያለማቋረጥ ተጠንተዋል።

በአገራችንም አርአያ አለ። በመንዝ ጓሳ የአካባቢው ሕዝብ ሣሩን ራሱ ባወጣው ደንብ ለ400 ዓመታት ያህል ሲጠብቅ ኖሯል፤ ሕዝቡ ስለጠበቀው ጭላዳና ቀይ ቀበሮ ዛሬም አሉበት። ተመራማሪዎች እዚያ ለዓመታት ስለቆዩ ሌላው ዓለም ያላየውን አዩ። ቀይ ቀበሮው ጭላዳዎቹ መካከል ሆኖ አይጥ ሲያድን ከሙከራው 67 በመቶው ይሳካለታል፤ ብቻውን ሲሆን 25 በመቶ ብቻ። ጭላዳዎቹም አይሸሹትም፤ እሱም ግልገላቸውን እምብዛም አይነካም። ሕዝቡ ሣሩን ባይጠብቅ ኖሮ ይህ እውቀት ከነባለቤቶቹ ይጠፋ ነበር። ኮምቶን፣ የጆርጎ ዋቶን ደን፣ የደዴሳን ዳር በዚያው ዓይን እንያቸው።

"መጀመሪያ የመቀመጫዬን አለች ዝንጀሮ" ብሎ የሚቃወመን አንባቢ እንደሚኖር እናውቃለን። ወለጋ በነዚህ ዓመታት የከፈለችው ዋጋ ከባድ ነው። ሰው ሞቷል፣ ተፈናቅሏል፣ ትምህርት ቤቶች ተዘግተዋል፤ በ2012 ዓ.ም. በምዕራብና በቄለም ወለጋ ስልክና ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ ነበር። ሰላም ከሁሉ ይቀድማል፤ ተኩስ ባለበት ጫካ ማንም ተማሪ ማስታወሻ ደብተር ይዞ አይገባም። ነገር ግን ሰላም ሲወርድ ገበሬው የሚመለሰው ወደዚያው ማሳ ነው። ሁለት የእርሻ ወቅት ያጣ ቤተሰብ በቆሎውን ለዝንጀሮ አሳልፎ መስጠት አይችልም፤ ስለዚህ ልጁን ከበፊቱ ይልቅ ማማ ላይ ያወጣዋል። ዝግጅቱ ከሰላሙ ጋር አብሮ መጀመር ያለበት ለዚህ ነው።

ቀላል መፍትሔ አለ ብለን አንዋሽም። ተመራማሪዋ ሸርሊ ስትረም በኬንያ ጊልጊል ሰብል የለመዱ ዝንጀሮዎችን በልዩ ልዩ መንገድ ለማስተው ከሞከረች በኋላ እ.ኤ.አ. በ1984 መንጋዎቹን ከነሕይወታቸው ወደ ላይኪፒያ ለማዛወር ተገድዳለች። ከሥራዋ የተገኘው ትምህርት እሸት የቀመሰን መንጋ ማስተው ያልቀመሰውን ከመከላከል እጅግ እንደሚከብድ ነው። ስለዚህ ቀበሌው ደኑ ጥግ የሚዘራውን ይምከርበት፤ በቆሎውን ወደ ውስጥ ስቦ ዳሩ ላይ እንደ በርበሬ ያለ ዝንጀሮ የማይደፍረውን ሰብል ማድረግ ይቻላል። ጥበቃውም የእያንዳንዱ ቤት ልጅ ሸክም መሆኑ ቀርቶ አዋቂዎች በተራ የሚወጡበት፣ ለተረኛውም የሚከፈልበት የጋራ ሥራ ይሁን። ደቦ የሚያውቅ ሕዝብ ይህን ለማደራጀት አይቸገርም፤ ወረዳው ግን ክፍያውን ይደግፍ። ሰብሉ የወደመበትና ፍየሉ በነብር የተበላበት ሰው የሚካስበት ሥርዓት እስካልተዘረጋ ድረስ መርዝ ማስቀመጡን በስብከት ማስቆም አይቻልም። የኦሮሚያ ደንና ዱር እንስሳት ድርጅት ከደኑ ከሚያገኘው ገቢ ለዚህ ድርሻ ይመድብ።

ለወለጋ ዩኒቨርሲቲ ያለን ጥያቄ ከሁሉም ይበልጣል። እ.ኤ.አ. በ2024 የኬንያ ዝሆኖች እርስ በርስ በስም መሰል ድምፅ እንደሚጠራሩ የታወቀው 469 ጥሪዎች በኮምፒውተር ተመርምረው ነው። የመጪው ዘመን ሳይንስ እንዲህ ድምፅ ቀድቶ ለማሽን የሚያሰማ ነው፤ ለዚህም ውድ ቤተ ሙከራ አያስፈልግም። ደን ውስጥ የሚሰቀል መቅጃ፣ ኮምፒውተርና የሚሰማውን የሚያውቅ ሰው ይበቃል። የሚያውቀው ሰው ማማ ላይ ያደገው ወጣት ነው። ዩኒቨርሲቲው ኮምቶ ዳር ቋሚ የመስክ ጣቢያ ይክፈት፤ ዝንጀሮ በመጠበቅ ትምህርታቸው የተስተጓጎለባቸውን ወጣቶች በደመወዝ የመስክ ረዳት አድርጎ ይቅጠር፤ የማታ ትምህርት እንዲጨርሱ ይርዳቸው፤ ጥናቱ ሲታተምም ስማቸው ከተመራማሪዎቹ ተርታ ይጻፍ። የዞኑ አስተዳደርም በሚቀጥለው በጀት ዓመት ለዚህ ጣቢያ መሬቱንና የመጀመሪያውን ገንዘብ ይመድብ።