ከማስተማር በፊት ማድመጥ

በገጠር ቀበሌ የሴቶች ስብሰባ ሲጠራ የሚሆነው የታወቀ ነው። ከወረዳ የመጣው ባለሙያ ይናገራል፤ ሴቶቹ አዳምጠው ያጨበጭባሉ፤ ቁጥራቸው በሪፖርት ይሰፍራል። ይህ ተሳትፎ አይባልም። ለገጠር ሴቶች የታሰበ ሥራ ሁሉ እነሱን በማድመጥ መጀመር አለበት ብለን እናምናለን።

ለዚህ ምስክር ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያሻም። የከምባታዋ ተወላጅ ቦጋለች ገብሬ እ.ኤ.አ. በ1997 ከእህታቸው ጋር ኬ ኤም ጂ የተባለውን ድርጅት መሥርተው በትውልድ አካባቢያቸው ሥራ ሲጀምሩ፣ ሕዝቡ አስቀድሞ የጠየቃቸው ድልድይ ነበር፤ ተማሪው ወደ ትምህርት ቤት፣ ገበያተኛውም ወደ ገበያ የሚሻገርበት። ድልድዩ ተሠራ፤ መተማመንም መጣ። ኋላ በተጀመረው የማኅበረሰብ ውይይት ሴትና ወንድ፣ ሽማግሌና ወጣት በአንድነት ተቀምጠው ስለ ሴት ልጅ ግርዛት በግልጽ ተነጋገሩ። ያልተገረዘች ሙሽራ በአደባባይ ተዳረች። የቤልጂየሙ የንጉሥ ቦዱዋን ፋውንዴሽን ቦጋለችን እ.ኤ.አ. በ2013 ሲሸልም እንደገለጸው፣ ሴት ልጅ ሁሉ ትገረዝበት በነበረው አካባቢ ድርጊቱ ከ3 በመቶ በታች ወርዷል።

የሴት ልጅ ግርዛትን የሚቀጣ የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ አለን፤ ያስፈልጋልም። ነገር ግን ጎረቤት ያልመከረበት ክልከላ ድርጊቱን ወደ ጨለማ ይገፋዋል እንጂ አያስቀረውም። እናት ልጇን ሳታስገርዝ የምታሳድገው ልጅቷ የሚያገባት ባል እንደማታጣ ስታውቅ ነው። ይህን ደግሞ የሚያረጋግጥላት መንደሩ ራሱ ነው።

ውይይት ጊዜ ይፈጃል የሚሉ አሉ። እውነት ነው፤ ግን በአንድ ቀን ስብሰባ የተገኘ ጭብጨባ በማግስቱ ይረሳል።

ስለዚህ የወረዳና የቀበሌ አስተዳደሮች፣ ግብረ ሰናይ ድርጅቶችም አሠራራቸውን እንዲለውጡ እንጠይቃለን። ስብሰባው ሴቶች ውኃ ቀድተው፣ ቤታቸውን አሰናድተው በሚመቻቸው ሰዓት፣ በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው ይሁን። ከሽማግሌዎች ፊት ለመናገር የሚከብዳቸው አስቀድመው ለብቻቸው ይምከሩ። የተስማሙበት በቀበሌው ዕቅድ ይግባ፤ ከምን እንደደረሰም በቀጣዩ ስብሰባ ይነገራቸው።

«ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቃል» የሚለው ብሂል የሚሻረው በመፈክር አይደለም፤ ሴቶች የወሰኑት ሲፈጸም ነው። ለዚህም የቀጣዩ ስብሰባ መክፈቻ ንግግር ቀርቶ ጥያቄ ይሁን፦ «እናንተስ ምን ያስፈልጋችኋል?» መልሱ ድልድይ ከሆነ፣ ድልድዩ ይሠራ።