ሚዛን ጡንቻ አይለይም

ክብደትና ቁመት ከታወቁ የአንድ ሰው ጡንቻ ይታወቃል የሚለው እምነት ከጂምናዚየም እስከ ክሊኒክ ተንሰራፍቷል። ቀመሮቹ የታወቁ ናቸው፤ የጄምስ የ1976፣ የቦር የ1984 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ሁለት ቁጥር ስልክ ላይ ሲገባ ከስብ ነፃ የሆነው የሰውነት ክብደት ወዲያው ይወጣል። በጀልባ ባሕሩን ተሻግሮ፣ ተርቦና ተጠምቶ የየመኗ ኤደን ለሚደርሰው ወገናችን ግን ይህ አሠራር ጉዳት እንጂ ጥቅም የለውም።

ሁለት ወንዶች እናስብ። ሁለቱም 60 ኪሎ፣ 172 ሴንቲ ሜትር ናቸው። የቦር ቀመር ክብደቱን በ0.407፣ ቁመቱን በ0.267 አባዝቶ ይደምርና 19.2 ይቀንሳል። ለሁለቱም 51.1 ኪሎ ይሰጣል። የክንዳቸው ዙሪያም እኩል 25 ሴንቲ ሜትር ነው እንበል። አሁን ከላይኛው ክንድ ጀርባ ቆዳውን ከነስቡ ቆንጥጠን በካሊፐር እንለካ። የመጀመሪያው፣ ጉልበት ሥራ ላይ የነበረው፣ 5 ሚሊ ሜትር ሆነ። ሁለተኛው፣ ለወራት ታሞ የተኛው፣ 20 ሚሊ ሜትር። የቆዳውን እጥፋት በ3.14 አባዝተን ከክንዱ ዙሪያ ስንቀንስ የጡንቻው ዙሪያ ለአንዱ 23.4፣ ለሌላው 18.7 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። ወደ ስፋት ስንቀይረውና ለወንድ አጥንት የሚታሰበውን 10 ስናነሳ፣ የመጀመሪያው 33.7፣ ሁለተኛው 17.9 ካሬ ሴንቲ ሜትር ጡንቻ ቀረው። ቀመሩ እኩል ያደረጋቸው ሰዎች ናቸው እንግዲህ፤ የአንዱ ክንድ ጡንቻ የሌላውን ግማሽ ያህል ብቻ ነው።

ውሃ ሲጨመርበት ደግሞ ነገሩ ይብሳል። በ2019 ሚያዝያ ኤደን ውስጥ በ22 ሜይ ስታዲየም ታጉረው የነበሩት ስደተኞች አብዛኞቹ ኢትዮጵያውያን ነበሩ፤ በዚያው ሰሞን በታጎሩ ስደተኞች መካከልም አጣዳፊ ተቅማጥ ገብቶ ነበር። ያ 60 ኪሎ የነበረው ሰው በተቅማጥ 3 ሊትር ፈሳሽ ቢያጣ 57 ኪሎ ይመዝናል። ቀመሩ ከስብ ነፃ ክብደቱን 49.9 ያደርገዋል። ይህ ማለት ከጠፋው 3 ኪሎ 1.2 ብቻ ከስብ ነፃው ክፍል፣ ቀሪው 1.8 ኪሎ ከስብ ሄደ ማለት ነው። በአንድ ቀን ተቅማጥ ሁለት ኪሎ ገደማ ስብ ያጣ ሰው የት ታይቶ ያውቃል? የጠፋው ውሃ ነው። እግሩ በረሃብ ባበጠ ሰው ላይ ደግሞ ስህተቱ ተገልብጦ ይመጣል፤ እብጠቱ ክብደት ስለሚጨምር ቀመሩ ከፊሉን እንደ ጡንቻ ይቆጥረዋል።

የሰውነት ቅርጽም አለ። ማያትና ባልደረቦቹ በ2009 ባሳተሙት ጥናት፣ እግረ ረጅም በሆኑት የኢትዮጵያ አርብቶ አደር ሕፃናት ላይ ክብደት ለቁመት የሚለው መመዘኛ የተጎዱትን አብዝቶ እንደሚቆጥር፣ የክንድ ዙሪያ ግን በቅርጹ ያን ያህል እንደማይሳት አሳይተዋል። ጥናቱ በሕፃናት ላይ ነው። ቢሆንም ከአፋርና ከሶማሌ ቆላ የሚነሳው ጎልማሳ ያንኑ ረጅም እግር ይዞ ነው ባሕሩን የሚሻገረው።

ካሊፐር የለመደ እጅ ይፈልጋል ይሉናል። ይፈልጋል፤ ታዲያ እጅ በልምምድ ይሠለጥናል። የቆዳ እጥፋት ቀመሮችም ከባዕድ ሰው የተወሰዱ ናቸው፣ የደርኒንና ዎመርስሊ የ1974 ሥራ በግላስጎው 481 ሰዎች ላይ የቆመ ነው ይባላል። እውነት ነው፤ እኔ ግን የስኮትላንድን ቀመር አምጡ አላልኩም። ሰውዬውን ከራሱ ጋር አስተያዩት ነው የምለው።

ስለዚህ ስደተኛ በሚታከምበት የኤደን ክሊኒክ ሁሉ የክብደትና የቁመት ቀመር ለጡንቻ ግምት ከነጭራሹ ይቅር። በመጣበት ቀን ከትከሻው ጫፍና ከክርኑ መካከል ላይ ምልክት ይደረግ፤ ዙሪያውና የቆዳው እጥፋት ይለካ፣ ካርዱ ላይ ይጻፍ፤ ፈሳሽ ከተተካለት በኋላ በዚያው ክንድ፣ በዚያው ምልክት፣ ቢቻል በዚያው ለኪ እጅ ይደገም።