አንዱ ዲስክ ቢሞት

ባንኮ ጎቲቲ ላይ መብራት ሄዶ ሲመለስ የቤታችን ኮምፒውተር ዲስክ ተበላሸ። የሠርጋችን ፎቶና የሟች እናቴ ድምፅ አብረው ጠፉ። ባለቤቴ ዝም አለ፤ እኔ ግን አለቀስኩ።

አሁን ማዘርቦርዱ ላይ የሚሰካ የዲስክ መቆጣጠሪያ ካርድ አስገብተናል። ካርዱ ሁለት ዲስኮችን አገናኝቶ እያንዳንዱን ፋይል በሁለቱም ላይ ይጽፋል፤ አንዱ ቢሞት ሌላው ሥራውን ይቀጥላል። ንባቡም ከሁለቱ ስለሚካፈል ሊፈጥን ይችላል። ሬይድ ስለሚባለው ስለዚህ አሠራር ፓተርሰን፣ ጊብሰንና ካትዝ የተባሉ የበርክሌይ ተመራማሪዎች ጽሑፋቸውን ያወጡት በ1988 እ.ኤ.አ. ነው።

ነገር ግን እህቶቼ፣ በስሕተት የሰረዛችሁት ከሁለቱም ዲስክ ይሰረዛል! ስለዚህ ሌላ ቅጂ ከቤት ውጭ አኑሩ። የእኛን አማቴ ቁም ሣጥናቸው ውስጥ ቆልፈውበታል፤ ቁልፉን ለልጃቸው እንኳ አይሰጡም።