በገዛ እጅ የተሠራ አይሮፕላን ከሜዳው ሲወጣ

ይህ ገጽ ስለ ልጆች አስተዳደግ፣ ስለ ጓዳ አያያዝና ስለ ባልና ሚስት ኑሮ የሚነገርበት ስለ ሆነ፣ ስለ አይሮፕላን መጻፍ የማይገባው መስሎ ለሚታያቸው አንባቢዎቻችን አስቀድመን መልስ መስጠት ይገባናል። ሰው በመንግሥት አይሮፕላን ቢበር ነገሩ የመንግሥት ነው፤ በኩባንያ አይሮፕላን ቢሄድም ነገሩ የንግድ ነው። ነገር ግን አንድ የቤት ጌታ በገዛ አሳቡ፣ ከቤቱ በወጣ ገንዘብ የሠራውን አይሮፕላን አስነሥቶ ከሜዳው ወጥቶ ወደ ሌላ ስፍራ የሄደ እንደ ሆነ፣ ይህ የቤተ ሰብ ነገር አይደለም የሚል ማን ነው? ስለዚህ ዛሬ የፈረንሳዊውን የሉዊ ብሌርዮን ታሪክ፣ ይልቁንም ከሜዳው ወጥቶ አገር ያቋረጠበትን የመጀመሪያውን ቀን ልንጽፍ ወደድን። ዘመኑን የምንቈጥረው እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ነው።

ብዙ ሰዎች አይሮፕላን አንድ ጊዜ ከመሬት ከተነሣ በኋላ በሜዳው ላይ ቢዞርም፣ ሩቅ ቢሄድም ነገሩ አንድ ይመስላቸዋል። አንድ አይደለም። በሜዳው ላይ የሚዞር ሰው ከበታቹ ያለውን መሬት ያውቀዋል፤ ጕድጓዱ የት እንደ ሆነ፣ ድንጋዩ የት እንደ ተለቀመ አይቶታል፤ የሞተሩ ድምፅ ቢለወጥበት ወዲያው ይወርዳል፤ ሠራተኞቹም መፍቻቸውን ይዘው እየሮጡ ይደርሱለታል። ከሜዳው የወጣ ሰው ግን ከበታቹ የሚያየው የሰው እርሻ፣ የሰው ዛፍ፣ የሰው አጥርና ቦይ ነው። ነፋሱም ከዛፎቹ ወዲያ እንዴት አድርጎ እንደሚነፍስ ሳይደርስበት አያውቀውም። ሞተር ዐሥር ደቂቃ ሠራ ማለት ሃያ ደቂቃ ይሠራል ማለት አይደለም፤ የሚግለው፣ የሚላላውና የሚያፈሰው ነገር ሁሉ የሚገለጠው ጊዜው ሲረዝም ነው። አይሮፕላኑን ከሌላ የገዛ ሰው በዚህ ጊዜ ሠሪውን ለማማት ይችላል፤ ራሱ የሠራው ግን የሚያማው የለውም፤ እያንዳንዱ ሽቦ በማን ትእዛዝ እንደ ታሰረ ያውቃልና።

ብሌርዮ በ1872 በሰሜን ፈረንሳይ በካምብሬ ከተማ ተወለደ። በፓሪስ ኤኮል ሳንትራል በሚባለው ታላቅ የምሕንድስና ትምህርት ቤት ተምሮ ከወጣ በኋላ፣ በአሴቲሊን ጋዝ የሚበራ የኦቶሞቢል መብራት እየሠራ መሸጥ ጀመረ። ዘመኑ ኦቶሞቢል እየበዛ የሚሄድበት ነበረና መብራቱ ብዙ ትርፍ አገባለት። በ1901 አሊስ ቬዴር የምትባለውን የመኰንን ልጅ አገባ። ከዚህ በኋላ መብራቱን እየሸጠ፣ ልጆቹን እያሳደገ ያለ ሥጋት ለመኖር ይችል ነበር። ነገር ግን የመብረር ነገር ልቡን ወሰደው። መጀመሪያ እንደ ወፍ ክንፉን የሚያርገበግብ መኪና ሠራ፤ አልሆነለትም። ሌላ ሠራ፤ ተሰበረ። ደግሞ ሌላ ሠራ፤ ከመሬት ጥቂት ተነሥቶ ወደቀ። ብዙዎቹንም የሚሞክራቸው ራሱ ነበረ። መውደቁን ባየ ጊዜ ራሱን በአንደኛው ክንፍ ላይ ይጥል እንደ ነበረ ይነገራል፤ ክንፉ ተሰባብሮ የሰውየውን አጥንት እንዲያተርፍ ነው።

አይሮፕላኖቹን አብዛኛውን ጊዜ የሚጠራቸው በቍጥር ነበር፤ አምስተኛው፣ ሰባተኛው፣ ስምንተኛው እየተባሉ ይሄዱ ነበር። ወደ አገራችን መለስ ብለን ብናይ፣ በ1935 ጀርመናዊው መሐንዲስ ሉድቪግ ቬበር ከኢትዮጵያውያን ጋር ሆኖ በአዲስ አበባ የሠራው አይሮፕላን በቍጥር ብቻ ሳይቀር በልዕልት ፀሐይ ስም «ፀሐይ» ተብሎ ነበር፤ በጦርነቱ ወደ ኢጣልያ ተወስዶ ከቈየ በኋላ በ2024 ወደ አገሩ ተመልሷል። የቤት ልጅ ስም የያዘ ነገር ሲሰበር ለማየት ልብ ይከብዳል፤ ብሌርዮ ቍጥርን የመረጠው ይህን ፈርቶ እንደ ሆነ ማን ያውቃል? የሰበራቸው ብዙዎች ነበሩና።

ይህ ሁሉ ሲሆን ከመብራቱ የተገኘው ትርፍና ማዳም አሊስ ከአባቷ ቤት ይዛው የመጣችው ገንዘብ ወደ እንጨት፣ ወደ ሸራና ወደ ሞተር እየተለወጠ አለቀ። በዚህ ነገር ላይ ብሌርዮን የሚያመሰግኑ መጻሕፍት ብዙ ናቸው፤ ስለ ሚስቱ ግን አንድ ወይም ሁለት መስመር ጽፈው ያልፋሉ። እኛ ይህን አንወድላቸውም። በሰማይ ላይ ከታየው ሸራ እኵሌታው የእርሷ ነበርና።

እንግዲህ ወደ ነገሩ እንግባ። በ1908 የሠራው ስምንተኛው አይሮፕላን አንድ ረድፍ ክንፍ ብቻ የነበረውና አንትዋኔት የሚባል የ50 ፈረስ ጕልበት ሞተር የተገጠመለት ነበር። መሪውም ልብ የሚባል ነው፤ በእጅ የሚያዝ አንድ ዘንግ አፍንጫውን ከፍና ዝቅ፣ ክንፎቹን ወደ ግራና ወደ ቀኝ ዘንበል ያደርጋል፤ በእግር የሚረገጠው ደግሞ የጅራቱን መቅዘፊያ ያዞራል። ከዚያ ወዲህ በዓለም ላይ ብዙ ዓይነት አይሮፕላን ተሠርቷል፤ የእጅና የእግር ሥራ አከፋፈሉ ግን እስከ ዛሬ በአብዛኞቹ ይኸው ነው።

በዚያው ዓመት ኦክቶበር 30 ቀን ሄንሪ ፋርማን ከቡዊ ተነሥቶ 27 ኪሎሜትር ያህል በርሮ ራንስ ከተማ ደረሰ። ከሜዳ ወጥቶ ከአንድ ስፍራ ወደ ሌላ ስፍራ በአይሮፕላን የተሄደበት የመጀመሪያው መንገድ ይህ ነው። ነገር ግን የፋርማን አይሮፕላን የቮዋዛን ወንድማማቾች በፋብሪካቸው የሠሩት ነበር፤ የሄደውም መሄድን ብቻ እንጂ መመለስን አልነበረም። በማግስቱ ኦክቶበር 31 ቀን፣ በእኛ ጥቅምት 21 ቀን 1901፣ ብሌርዮ የራሱን አይሮፕላን ይዞ ወጣ። የመረጠው አገር ከፓሪስ በስተ ደቡብ ያለው ቦስ የሚባለው የስንዴ ምድር ነው። ሜዳ ነው፤ ተራራ የለበትም፤ አዝመራው በተሰበሰበበት ወራት ለመውረድ የሚመች ስፍራ አይታጣበትም። ይህ ምርጫው ራሱ የጥንቃቄ ምልክት ነው። አሳቡም ከቱሪ ተነሥቶ 14 ኪሎሜትር ያህል የሚርቀውን አርትኔን አይቶ ወደ ቱሪ ለመመለስ ነበር።

ተነሣ፤ ዐሥራ አንድ ደቂቃ ያህል በረረ። በአርትኔ አጠገብ ሳለ ማኜቶው፣ ይኸውም ለሞተሩ እሳት የሚሰጠው መሣሪያ፣ ታወከበት። በዚህ ጊዜ ምን አደረገ? ሞተሩን እያባበለ እንደ ምንም ልድረስ አላለም፤ በአንድ እርሻ ላይ ወረደ። ከአንድ ሰዓት በላይ ተቀምጦ መሣሪያውን አበጅቶ እንደ ገና ከዚያው እርሻ ተነሣ። ሲመለስም በሳንቲዪ መንደር አቅራቢያ ሁለተኛ ወረደ፤ እንደ ገና ተነሥቶ በአየር ቱሪ ገባ። ሄዶ በመመለስ 28 ኪሎሜትር ያህል ሆነ። ሄዶ መመለስ ያለበት የአይሮፕላን መንገድ ከዚህ በፊት ተሄዶ አያውቅም ነበር።

አንዳንድ ሰዎች ሁለት ጊዜ መውረዱን እንደ ጕድለት ይቈጥሩበታል። በእኛ አስተያየት ግን የዚያ ቀን ክብሩ በመብረሩ ይልቅ በመውረዱ ነው። ከዚያ ቀን በፊት አይሮፕላን ባልታሰበበት ስፍራ መሬት ነካ ማለት ወደቀ ማለት ነበር፤ ብሌርዮ ግን ፈቅዶ ወርዶ፣ አበጅቶ፣ ተነሥቶ መሄድ እንደሚቻል አሳየ። ፈረስ የሚያውቅ ሰው ይህን ያስተውለዋል፤ ፈረሱ ሲያነክስ ወርዶ ሰኰናውን የሚያይ መንገደኛ ዘግይቶም ቢሆን ይገባል፤ ሰው እንዳያየኝ ብሎ የሚጋልበው ግን ፈረሱን ገድሎ በእግሩ ይቀራል። በቤት ተቀምጣ የምትጠብቅ ሚስትም ብትጠየቅ በሌሊት የሚደርሰውን ባል እንጂ የማይደርሰውን አትመርጥም።

ይህ ነገር ዛሬ በሕግ ተጽፏል። በዩናይትድ ስቴትስ ሰው አይሮፕላን በገዛ እጁ ለመሥራት ቢፈልግ የአገሩ የአቪዬሽን መሥሪያ ቤት ይፈቅድለታል፤ ከሥራው የሚበዛው ግን ለትምህርት ወይም ለመዝናናት ብለው በሠሩት ሰዎች እጅ የተሠራ መሆን አለበት። ሠርቶ በጨረሰ ጊዜም እንደ ወደደ ወደ ሩቅ አገር እንዲሄድ አይተዉትም። ብዙውን ጊዜ እንደ ሞተሩና እንደ ውልብልቢቱ ዓይነት 25 ወይም 40 ሰዓት፣ ያለ ተሳፋሪ፣ በተወሰነለት ክልል ውስጥ እንዲበር ይታዘዛል። ያን ሰዓት ከጨረሰ በኋላ የመጀመሪያውን መንገድ ይሄዳል። ቤተ ሰቡንም ለማሳፈር የሚችለው ከዚያ ወዲያ ነው። ለብሌርዮ ይህን የሚያዝዘው ሹም አልነበረም፤ ልኩን የሚወስነው ራሱ ነበር።

በ1909 የቤቱ ገንዘብ ተሟጥጦ ሳለ ዐሥራ አንደኛውን ማብረር ጀመረ። ሞተሩ አንዛኒ የሚባል፣ 25 የፈረስ ጕልበት ያለውና ሦስት ሲሊንደር ብቻ የነበረው ነው። ጁላይ 13 ቀን ከኤታምፕ አጠገብ ተነሥቶ፣ በመካከል አንድ ጊዜ ወርዶ፣ ወደ ኦርሌያን በኩል 41 ኪሎሜትር ያህል ሄደ። በዚያው ወር የጭስ መውጫው መሸፈኛ ተላቅቆ እግሩን ክፉኛ አቃጠለው። የእንግሊዝ ጋዜጣ ዴሊ ሜይል በፈረንሳይና በእንግሊዝ መካከል ያለውን ባሕር በአይሮፕላን ለሚሻገር ሰው 1000 ፓውንድ ሽልማት ሰጥቶ ነበርና ብሌርዮ በምርኵዝ እያነከሰ ካሌ ከተማ ደረሰ። ተወዳዳሪው ሁበርት ላታም ጁላይ 19 ቀን ሞክሮ ሞተሩ በባሕሩ ላይ ቀጥ ብሎበት ነበር፤ አይሮፕላኑ በውኃው ላይ ተንሳፎ ሳለ መርከብ ደርሶ አወጣው።

እንግዲህ ባሕር የቦስ ሜዳ አይደለም። በአርትኔ ያዳነው ብልሃት፣ ይኸውም ወርዶ ማበጀት፣ በባሕር ላይ የለም። ይህን ማዳም አሊስም ታውቃለች፤ በቤት ተቀምጣ ወሬ አልጠበቀችም፤ ኤስኮፔት በምትባል የፈረንሳይ የጦር መርከብ ተሳፍራ በባሕሩ ላይ ተከተለችው። ጁላይ 25 ቀን፣ በእኛ ሐምሌ 18 ቀን 1901፣ ዕለቱም እሑድ፣ ከሌሊቱ በ10 ሰዓት ከ41 ደቂቃ ፀሐይ እንደ ወጣች ተነሣ። ሰማንያ ሜትር ያህል ከፍ ብሎ በሰዓት 70 ኪሎሜትር ያህል ስለሚሄድ ወዲያው መርከቢቱን አልፏት ሄደ። ከዚያ ወዲያ ዐሥር ደቂቃ ያህል ፈረንሳይም እንግሊዝም መርከቢቱም አይታዩትም፤ ኮምፓስ አልያዘም፤ ከፊቱ ጭጋግ፣ ከበታቹ ውኃ ብቻ ነበር። እኛ ይህን ስናነብ የምናስበው ስለ እርሱ አይደለም፤ በመርከቢቱ ላይ ቆማ አይሮፕላኑ የጠፋበትን ሰማይ ስለምትመለከተው ሴት ነው። እርሱ መሪ ይዞ ይሠራል፤ እርሷ የምትይዘው ነገር የላትም።

የእንግሊዝ ጠረፍ በታየው ጊዜ ነፋስ ወደ ምሥራቅ ገፍቶት ነበር። ጠረፉን እየተከተለ ወደ ዶቨር ሲጠጋ አንድ የፈረንሳይ ጋዜጠኛ ከግንቡ አጠገብ በሜዳ ቆሞ ሰንደቅ ዓላማ እያውለበለበ ስፍራውን አሳየው። ወረደ፤ ነፋሱ አንገላቶት ጎማውና ውልብልቢቱ ተሰበሩ፤ እርሱ ግን ደኅና ነበር። ከተነሣ 36 ደቂቃ ተኵል ሆኖት ነበር። ወደ ወደቡ ወስደውት ከሚስቱ ጋር ተገናኙ።

ከዚህ በኋላ የቤቱ ነገር ተለወጠ። ዐሥራ አንደኛውን የመሰለ አይሮፕላን እንዲሠራላቸው ያዘዙት ሰዎች ቍጥር ዓመቱ ሳያልቅ ከመቶ በላይ ሆነ። ብሌርዮ ግን መብረሩን ወዲያው አልተወም፤ በዲሴምበር 1909 በኢስታንቡል በብርቱ ነፋስ ለሕዝብ ሲያሳይ በአንድ ቤት ጣራ ላይ ወድቆ የጎን አጥንቱ ተሰበረና ሆስፒታል ተኛ። ከዚያ ወዲያ ለትርኢትና ለውድድር መብረሩን ትቶ በፋብሪካው ሥራ ላይ ተቀመጠ፤ በ1936ም ሞተ። ባሕር የተሻገረው ዐሥራ አንደኛው በፓሪስ የቀድሞ ገዳም ቤተ ክርስቲያን በነበረው የሥነ ጥበባትና የዕደ ጥበባት ሙዚየም ከጣራው ሥር ተሰቅሎ ይታያል። የአርትኔን መንገድ የሄደው ስምንተኛው ግን አልተረፈም፤ ከዚያ ቀን በኋላ ሳምንት ሳይሞላው በመሬት ላይ ሲነዳ ተሰበረ።