እኔ አውቃለሁ፤ ሎሌው ግን አያውቅም

በሰንጋ ተራ የጋራ መኖሪያ ሕንፃ የሚኖሩ አንዲት እናት ባለፈው ሳምንት ወደ ዝግጅት ክፍላችን ብቅ ብለው ነበር። ይዘውት የመጡት ጉዳይ በዚህ አምድ ከለመድናቸው የባልና ሚስት አለመግባባት፣ የጡት ማስጣልና የወር አስቤዛ ጥያቄዎች ወጣ ያለ በመሆኑ መጀመሪያ ላይ ቀልድ መስሎን እንደነበረ አንደብቅም። «ልጆቼ በጅብ ተጣልተው ከተኮራረፉ ዘጠኝ ቀናቸው» አሉን። ሻይ ቀርቦላቸው ነገሩን ከሥሩ ሲያስረዱን ግን ከጅቡ በስተጀርባ ያለው ጥያቄ ብዙ ቤት የሚገባ ሆኖ አገኘነው።

እኚህ እናት ሦስት ልጆች አሏቸው። ትልቋ 15፣ ተከታይዋ ወንድ ልጅ 13፣ የመጨረሻው 8 ዓመታቸው ነው። በክረምቱ ዕረፍት ከውጭ አገር የመጣ የአጎታቸው ልጅ አንድ የጨዋታ ዓይነት አስተምሯቸው ሄደ። ጨዋታው በጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው የሚጫወቱት ነው። አንዱ ተራኪ ይሆናል፤ የቀሩት እያንዳንዳቸው በተረቱ ውስጥ አንድ ሰው ሆነው ይገባሉ። ተራኪው «ወንዙ ሞልቷል፤ ምን ታደርጋላችሁ?» ሲል፣ እነሱ የያዙትን ሰው ሆነው ይመልሳሉ። ያሰቡት ነገር አጠራጣሪ ሲሆን እንደ ሉዶ ጨዋታ ዳይስ ተጥሎ በቁጥሩ ይወሰናል። እንዲህ ያለው ጨዋታ ደንቡ ታትሞ ለሽያጭ የቀረበው እ.ኤ.አ. በ1974 በአሜሪካ ሲሆን፣ ያወጡትም ጋሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን የተባሉ ሁለት ሰዎች ናቸው። ስሙን «ዳንጅንስ ኤንድ ድራገንስ» አሉት፤ የመጀመሪያው እትም 1,000 ቅጂ ብቻ ነበር። የሰንጋ ተራዎቹ ልጆች መጽሐፉ የላቸውም። አንድ ደብተር፣ እርሳስና ከሉዶ ሣጥን የወጣ ዳይስ በቂያቸው ሆኗል።

ትልቋ ልጅ ተራኪ ሆነች። ዛሬ ባንኮቹ ሰማይ ጠቀስ ሕንፃ የሠሩበት ይህ ሰፈር ዱሮ ሰንጋ ይሸጥበት እንደነበረ ስሙ ራሱ ይናገራልና፣ ታሪኳን ከዚያው ጀመረች። የሰንጋ ነጋዴዎች ከሩቅ አገር ከብት እየነዱ መጥተው ለነገው ገበያ ሜዳ ላይ ያድራሉ። የጎረቤት ልጅ ነጋዴዋ ሆነች፤ ወንድምየው የነጋዴዋ ሎሌ፣ ትንሹ ደግሞ እረኛ። እሳት ነዶ ራት ሊበላ ሲል አንድ መንገደኛ ከጨለማው ወጥቶ «የመሸበት እንግዳ ነኝ፤ አሳድሩኝ» ይላል። እንግዳው ሰው መስሎ የመጣ ጅብ ነው። ይህን የምታውቀው ተራኪዋ ብቻ ነበረች፤ በደብተሯም ጽፋው ነበር።

እናትየው ስኳር ግዢ ብለው ሱቅ ሲልኳት ደብተሩ ጠረጴዛ ላይ ቀረ። ወንድምየው ገለጥ አድርጎ አነበበው። እናትየው ከወጥ ቤት ሆነው አይተውታል፤ አልተናገሩም።

ቅዳሜ ከሰዓት ጨዋታው ተጀመረ። እንግዳው ገና ሰላምታ ሳይጨርስ ሎሌው ከመቀመጫው ብድግ ብሎ «ጦሬን አንሥቼ እወጋዋለሁ!» አለ። «ለምን?» «ጅብ ነዋ!» «ማን ነገረህ?» ልጁ ዝም አለ። እኅትየው ደብተሯን ከድና ወደ መኝታ ቤቷ ገባች። ትንሹ እንግዳውን ከሰንጋዎቹ አጠገብ ሊያስተኛው ሣር እየጎዘጎዘለት ነበርና እሪ ብሎ አለቀሰ። አባትየው ጩኸቱን ሰምተው ቢጠይቁ ነገሩ ተነገራቸው። የሰጡት ፍርድ ግን ማንም ያልጠበቀው ነበር። «አውቆ አላወቅሁም ማለት ውሸት ነው። ልጄ ጅብ መሆኑን ካወቀ ቢወጋው ጥፋቱ ምኑ ላይ ነው? ውሸት የሚያስተምር ጨዋታ በቤቴ አልፈልግም!» ብለው ዳይሱን ኪሳቸው ከተቱ።

እናትየው የጠየቁን ሁለት ነገር ነው። ባለቤቴ እውነት አላቸው ወይ? እኔስ ያየሁትን ልናገር ወይስ ልተወው?

የአባትየው ስጋት የሚናቅ አይደለም። ልጅን በእውነት ማሳደግ ከባድ በሆነበት ጊዜ ከውጭ የመጣ ነገር ሁሉ ቢጠረጠር አይፈረድም። ነገር ግን ውሸት ማለት ሌላው ሰው ያልሆነውን ሆነ ብሎ እንዲያምን ማድረግ ነው። በዚህ ጠረጴዛ ዙሪያ የሚታለል ሰው የለም። የ13 ዓመቱ የሰንጋ ተራ ልጅ ጅቡን ያውቀዋል፤ በዚያ በጨለማ እሳት ዳር የተቀመጠው ሎሌ ግን ያየው አንድ የደከመ መንገደኛ ብቻ ነው። ልጁ የተጠየቀው እንዲዋሽ ሳይሆን ለአንድ አፍታ በሎሌው ዓይን እንዲያይ ነው።

ይህ ችሎታ ከልጅ ጋር አይወለድም። እ.ኤ.አ. በ1983 ሃይንዝ ቪመርና ጆሴፍ ፔርነር የተባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች ለሕፃናት አንድ አጭር ታሪክ ይነግሩ ነበር። ማክሲ የተባለ ልጅ ቸኮላቱን ቁም ሣጥን ውስጥ አስቀምጦ ይወጣል፤ እናቱ ለኬክ ጥቂት ወስዳ የቀረውን በሌላ ቁም ሣጥን ታስቀምጠዋለች። ማክሲ ሲመለስ የት ይፈልገዋል? የ3 ዓመት ልጆች ባብዛኛው ቸኮላቱ አሁን ያለበትን ያመለክታሉ፤ እነሱ ያወቁትን ማክሲም የሚያውቅ ይመስላቸዋል። ከ4 ዓመት ወዲህ ግን እያደር «እሱ መዛወሩን አላየም» ማለት ይጀምራሉ። እናቶች በዳቦ ሊሞክሩት ይችላሉ፤ ቸኮላት አያስፈልግም።

እኛም ብንሆን ያደግነው በዚሁ ነው። ዕቃ ዕቃ ስንጫወት ከጭቃ የተሠራውን ወጥ «ሲጣፍጥ!» ብላ ያመሰገነች እንግዳ ውሸታም ተብላ አታውቅም። በእንቆቅልሽስ? መልሱን ከዚህ በፊት የሰማ ትልቅ ልጅ አፉን ይዞ ትንንሾቹ «አገር» እስኪሰጡ ይጠብቃል። ቀድሞ የሚዘረግፈው የጠላ ቤት ወሬኛ ይባል ነበር፤ ቢያንስ በእኛ ሰፈር።

ከእነዚህ ልጆች ቤት በእግር ጥቂት ደቂቃ ርቀት በ1948 ዓ.ም የተመረቀው ብሔራዊ ቴአትር አለ። ጸጋዬ ገብረ መድኅን ወደ አማርኛ የመለሰውን «ኦቴሎ» የሚያስታውሱ አንባብያን አይጠፉም። ኦቴሎን የሚጫወተው ተዋናይ ቃሉን በልምምድ ሸምድዶታል፤ መሐረቡ እንዴት ከኢያጎ እጅ እንደገባ ከተመልካቹ አስቀድሞ ያውቃል። ኦቴሎ ግን ማወቅ የለበትም። ተዋናዩ አንድ ምሽት ለዴዝዴሞና አዝኖ «ይህ ሰው እኮ ተንኮለኛ ነው!» ብሎ ኢያጎን ቢያንቀው ቴአትሩ መሐሉ ሳይደርስ ባለቀ ነበር። ወንድምየው ያደረገው ይህንኑ ነው።

እዚህ ላይ ወላጆቹ የደባለቁት ነገር አለ። ጦር መወርወሩ የጨዋታ ስሕተት ነው፤ የሰው ደብተር ገልጦ ማንበቡ ደግሞ የቤት ጥፋት ነው። አንደኛው በጨዋታ ይታረማል፤ ሁለተኛው ይቅርታ ይጠየቅበታል። አባትየው የተቆጡት ለጨዋታው ነው፤ ደብተሩን ማንም አላነሣውም።

የጨዋታው ስሕተት እንዴት ይታረማል? ሳይፈልግም ቢሆን አንድ ምስጢር የሰማ ተጫዋች በግልጽ «እኔ ይህን አውቃለሁ፤ ሎሌው ግን አያውቅም» ብሎ ቢናገር ግማሹ ችግር ይቃለላል። ከዚያም ሎሌው በዓይኑ ካየውና በጆሮው ከሰማው ብቻ ተነሥቶ ምን ያደርግ ነበር ብሎ ራሱን ይጠይቃል። ይህ ቀላል አይደለም። አንዳንዱ ንጹሕ ለመምሰል ሲል ሎሌውን ጅል ያደርገውና ራሱን ከጅቡ አፍ ያስገባል፤ ይህም በምስጢሩ መመራት ነው፣ የተገለበጠ ብቻ። ልጁ ራሱን ማመን ሲያቅተው ሎሌው ይጠርጥር አይጠርጥር በዳይስ ይወሰን።

ከዚህ ይልቅ የሚጥመው መንገድ ሎሌው ከልጁ የበለጠ የሚያውቀውን ማሰብ ነው። የፎቅ ልጅ ሰንጋ ነድቶ አያውቅም፤ ሎሌው ግን ዕድሜውን ከከብት ጋር ነው ያደረ። ጅብ ሲጠጋ ከብት ይደነብራል። እንግዲያው ልጁ ጦር ከማንሣቱ በፊት ተራኪዋን «ሰንጋዎቹ እንዴት ናቸው?» ብሎ ቢጠይቅ ማን ይከለክለዋል? በቂ ምክንያት ካገኘ በሎሌው እጅ ይወርውር፤ ያን ጊዜ ጅቡን ያወቀው ሎሌው ራሱ ነው።

ለተራኪዋም አንድ ቃል አለን። ምስጢር ሲወጣ ደብተር ከድኖ መኝታ ቤት መግባት ብቻ አይደለም መፍትሔው። በጨዋታው ላይ እስኪነገር ድረስ በደብተር የተጻፈው ገና አልሆነም። እንግዳውን እውነተኛ መንገደኛ አድርጋ ጅቡን ከነጋዴዎቹ አንዱ ብታደርገው የወንድሟ ጦር አፍሮ ይመለስ ነበር። ደግሞም ጅቧ እንዲደበቅላት ከፈለገች እንግዳው ቁርበት አንጥፉልኝ እንዳይል ትጠንቀቅ፤ ተረቱን የማያውቅ አበሻ የለም።

ወደ እናትየው ሁለተኛ ጥያቄ እንመለስ። አይተው ዝም ማለታቸውን አንነቅፍም፤ የእናት ዓይን ያየውን ሁሉ ቢናገር ቤት አይቆምም። የምንፈራው ከዚህ ቀጥሎ ያለውን ነው። ብዙዎቻችን የልጁን ጥፋት ከጎረቤት ቡና ላይ ሰምተን ስናበቃ፣ ሲገባ እንዳልሰማ ሆነን «ዛሬ የት ዋልክ?» እንለዋለን። ልጁ ይዋሻል፤ እኛም ያዝንህ እንላለን። አባትየው አውቆ አላወቅሁም ማለትን ከቤታቸው ሊያስወጡ ከፈለጉ ከዚህ ቢጀምሩ ይሻላል፤ ምክንያቱም በዚህኛው የሚታለል ሰው አለ፣ እሱም ልጃቸው ነው። ስለዚህ እናትየው ልጁን «ደብተሩን ማን አነበበው?» ብለው እንዳይመረምሩት መከርናቸው። ለብቻው ጠርተው «አይቼሃለሁ» ይበሉት፤ ለእኅቱ ግን እሱ ራሱ ይንገራት።

ይህን ጽፈን ሳንጨርስ ሰኞ ጠዋት ስልክ ደወሉልን። ልጁ ዓርብ ማታ ለእኅቱ ነግሯታል። ሌላ ካሣ አልጠየቀችውም፤ ያንኑ ሌሊት እንደ ገና እንዲጫወቱት ብቻ አለች። ዳይሱ ከአባትየው ኪስ ለመውጣት ጥቂት ልመና አስፈልጎት ነበር። ቅዳሜ ከሰዓት ሜዳው ላይ እሳት ነደደ፣ እንግዳው መጣ። ሎሌው ጦሩን ሳይነካ እንግዳውን ተቀመጥ አለው፤ እንጀራ ቆረሰለት፤ ከዚያ ወደ እኅቱ ዞሮ «ሰንጋዎቹ እንዴት ናቸው?» ሲል ጠየቀ። እሷ መልስ ከመስጠቷ በፊት ሶፋው ጥግ ጋዜጣ ያነቡ የነበሩት አባት ጋዜጣውን ዝቅ አድርገው «ምን ትጠይቃታለህ? ጅብ ነው እኮ!» አሉ።

ትንሹ ልጅ ጣቱን ከንፈሩ ላይ አድርጎ፣ «አባዬ፣ እንዳትናገር!» አላቸው። «እኛ እኮ ገና አላወቅንም።»